አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ የቤት ውስጥ ዕፅዋትን በሦስት ዙር ከተባይ ማጽዳት

ባለፈው ሚያዝያ ክሮተን የሚባል አንድ የቤት ተክሌን ገድያለሁ። በገዛ እጄ። ቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁና ደነገጥኩ። ግማሽ ኩባያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሃይላንድ ውሃ በጠበጥኩ። ከዚያ በረንዳ ላይ አውጥቼ በቀትር ፀሐይ አጠመቅሁት። በማግስቱ የቅጠሉ ጠርዝ ቡኒ ሆነ። በሳምንቱ ረገፈ። ነጩ ጥጥ ግን ግንዱ ላይ እንደተለጠፈ ነበር፣ ምንም አልሆነም።

ይህን ጉድ ለጎረቤቴ ቡና ላይ አወራሁ። እማማ እላቸዋለሁ፤ ጤና አዳምና በሶብላ በቆርቆሮ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው፣ ሲታመምባቸው አይቼ አላውቅም። ሳቁብኝ። «አቦሉን ጠጥቶ የሚነሳ ሰው ቡና ጠጣ ይባላል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ተባይን በአንድ ቀን በኃይለኛ ነገር ለመግደል እንሞክራለን። ተክሉ ይጎዳል፣ ተባዩ ይተርፋል። ለስለስ ያለ ነገር በሦስት ዙር መድገም ግን ይሠራል። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ አሁን የማደርገውን ነው።

መጀመሪያ ማየት

እኔ የምኖርባት ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ተባዩ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ግን እንደየወቅቱ መልኩ ይቀየራል። ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ አየሩ ሲሞቅና ሲደርቅ፣ ዋናው ጠላት ቀይ ሸረሪት የሚባለው በዓይን እምብዛም የማይታይ ደቃቅ ተባይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ አፈሩ አልደርቅ ሲል የአፈር ትንኝ ይነግሣል።

በሳምንት አንድ ቀን ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ላይ ላዩን ማየት ዋጋ የለውም። አብዛኛው ተባይ የሚኖረው ከቅጠሉ ሥር፣ በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ፣ እንዲሁም ገና ባልተፈታው ለጋ ቅጠል ውስጥ ነው። የስልካችሁን መብራት አብሩ። ካሜራውን አጉልታችሁ ብታዩበት ደግሞ ያለ አጉሊ መነጽር ብዙ ነገር ይታያል።

ቅጠሉ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ወይም ከተክሉ ሥር ያለው ወለል ስኳር የፈሰሰበት ከመሰለ፣ አንድ ነገር ጭማቂውን እየመጠጠ ነው። የሚያጣብቀው የተባዩ ዓይነ ምድር ነው፣ ጣፋጭ ነው። ጉንዳን ወደ ማሰሮው ተሰልፎ ሲወጣ ካያችሁም ያንን ፈልጎ ነው። ጉንዳኑ ራሱ ተክሉን አይበላም። ነገር ግን ጭማቂ መጣጩን ትንሽ ተባይ፣ ክሽክሽን፣ እንደ ላም ይጠብቃል፣ ከሚበሉት ነፍሳትም ይከላከልለታል። ማሰሮውን ውሃ ባለበት ሳህን መሃል ጠጠር ላይ አስቀምጡት። እናቶቻችን የማር ዕቃን ከጉንዳን የሚያስጥሉት እንደዚያው ነው።

ለብቻው አውጥቶ ማጠብ

ተባይ ያለበትን ተክል ከሌሎቹ ለዩት። ሌላ ክፍል ካለ ጥሩ። ከሌለ ቢያንስ ቅጠሉ ከሌላው ቅጠል እንዳይነካካ አርቁት። ከዚያ የባሰበትን ቅጠልና ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ አፉን ቋጥራችሁ ጣሉ። በረንዳ ላይ ባለ ቅርጫት ክፍቱን መተው ተባዩን ተመለስ እንደማለት ነው።

አሁን ውሃ። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል፣ ግማሹ ሥራ ግን እዚህ ያልቃል። የማሰሮውን አፍ በፌስታል ሸፍናችሁ ግንዱ ዙሪያ እሰሩት፣ አፈሩ እንዳይፈስና እንዳይጨቀይ። ተክሉን ሻወር ቤት አስገብታችሁ ዘንበል አድርጉትና ከቅጠሉ ሥር ወደ ላይ ለብ ያለ ውሃ ልቀቁበት። ሻወር ከሌለ የሃይላንድ ክዳን በመርፌ ብሱና ጠርሙሱን እየጨመቃችሁ እጠቡት። ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት በውሃ ግፊት ብቻ በብዛት ይረግፋሉ። ክሽክሽ አንዴ ከወደቀ፣ በተለይ አፉ ቅጠሉ ላይ ተሰክቶ ሳለ ከተነቀለ፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይወጣም።

ባሕር ዳር ውሃ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ አውቃለሁ። ያን ቀን ሁለት ሊትር በሳፋ አድርጋችሁ፣ በእርጥብ እራፊ ጨርቅ ቅጠል በቅጠል ጥረጉ። ጎማ ዛፍና ሞንስቴራ ቅጠላቸው ሰፊ ስለሆነ ለዚህ ይመቻሉ።

የሳሙናው ውሃ

ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። በቃ። ከዚህ አይበልጥም። የእኔን ክሮተን የገደለው ስስት ነው።

ሽታና ቀለም ያልበዛበት ሳሙና ምረጡ። ደረቅ የልብስ ሳሙና ካላችሁም ይሆናል፣ እንዲያውም ይሻላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ፋቁና በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ወደ አንድ ሊትር አሳድጉት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ተጠቀሙበት። ኦሞ አይሆንም። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ቅጠል የሚያቃጥል ነገር አለ። በረኪና ያለበት ነገርማ ጭራሽ።

ሳሙናው አረፋ እምቢ ካለና ላዩ ላይ ነጭ ዝቃጭ ከሠራ ውሃው ማዕድን በዝቶበታል ማለት ነው። ማዕድኑ ሳሙናውን ይይዘዋል፣ ተባዩ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል። በክረምት የዝናብ ውሃ በባልዲ ያዙ፣ ለዚህ የሚመጣጠነው የለም።

ሳሙና ተባዩን የሚገድለው በመንካት ነው። የሰውነቱን ሰም መሰል ሽፋን ያሟሟል፣ ነፍሳቱ ደርቆ ይሞታል። ይህ የሚሆነው ግን እርጥብ እስካለ ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ቅጠሉ ላይ የቀረው ሳሙና ማንንም አይገድልም። ስለዚህ ያልረጠበ ተባይ ያልተነካ ተባይ ነው። ከቅጠሉ ሥር፣ መጋጠሚያው፣ ግንዱ፣ ሁሉም እስኪንጠባጠብ ድረስ ይረጭ።

መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ካልጠቆረና ካልጠወለገ ቀጥሉ። ፈርን፣ ጸጉራም ቅጠል ያላቸው አበቦችና ወፍራም ቅጠል ላይ ነጭ ሰም ያላቸው ተክሎች ሳሙና አይወዱም። እነሱን በውሃና በጥጥ ብቻ ማስታመም ይሻላል። ጊዜው ወይ ማለዳ ወይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን። የተጠማ ተክል ላይም አትርጩ፣ ከአንድ ቀን በፊት አጠጡት። ከረጫችሁ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

ሦስቱ ዙሮች

አቦል የመጀመሪያው ቀን ነው። ያያችሁትን ሁሉ ታጥባላችሁ፣ ትረጫላችሁ። በማግስቱ ተክሉ የዳነ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ይገባል።

ግን እንቁላሉ አለ። ሳሙና እንቁላል ብዙም አይጎዳም። አብዛኛው እንቁላል በቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ቀይ ሸረሪት በሞቃት ወር ከእንቁላል ተነስቶ በሳምንት ገደማ ራሱ እንቁላል ጣይ ይሆናል። ክሽክሽ ደግሞ ከዚያ የባሰች ናት። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፣ ያውም ሕያው ልጅ። ልጇ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እናት ትሆናለች።

ስለዚህ ቶና ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። አሁን የተፈለፈሉት፣ ገና መውለድ ያልጀመሩት፣ ይያዛሉ። በሞቃት ወር አምስተኛውን ቀን አታሳልፉ። በክረምት ሰባት ቢሆንም ግድ የለም። በረካ ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ርቀት ነው። ምንም ባይታያችሁም ይረጫል። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ፣ «አልረሳም» የሚባል ነገር የለም።

ለጥጥ መሳዩና ለቅርፊታሙ ተባይ ሦስት ዙር አይበቃም፣ አራት ወይም አምስት ያስፈልጋል። እማማ ይህን ስነግራቸው «እሱማ እንግዳ የበዛበት ቡና ነው» አሉ።

ማን ነው የመጣው?

ክሽክሽ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነው፣ ለጋው ጫፍ ላይ ተደርድሮ ይታያል። በጣም ቀላሉ ጠላት ነው። ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።

ቀይ ሸረሪት ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ቢጫ አረንጓዴ ነው፣ በዓይንም እምብዛም አይታይም። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ይመስል በብናኝ ቢጫ ነጥብ ይሞላል። ሲብስ ቀጭን ድር ያደራል። ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉ። የወደቀው ብናኝ መንቀሳቀስ ከጀመረ እሱው ነው። ደረቅ አየር ይወዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ተክሉን ከሚያቃጥለው መስኮት አርቁት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑም ቅጠሉን በውሃ እጠቡ። ከሳሙናው ይልቅ ይህ እጥበት ነው ቤቱን የሚያፈርስበት።

ጥጥ መሳዩ ተባይ፣ የእኔን ክሮተን የያዘው፣ ሰም በሰም ነው። ውሃ ከላዩ ይንሸራተታል። እንቁላሉንም በመቶዎች በዚያ ጥጥ ውስጥ ይደብቃል። ለእሱ ከፋርማሲ የሚሸጠውን 70 በመቶ አልኮል በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክራችሁ አንድ በአንድ ንኩት። ወዲያው ቡኒ ይሆናል። አልኮሉን ተክሉ ላይ በሙሉ አትርጩ፣ ነጥብ በነጥብ ብቻ። መስኮት ክፈቱ፣ ከእሳት አርቁ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና በሚፈላበት ክፍል በጭራሽ አይሞከርም። አረቄ ይሆናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ አለ። የአረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ከፋርማሲውም ይደክማል። ለእንግዳ ይቀመጥ።

ቅርፊታሙ ተባይ ግንድ ላይ የተጣበቀ ምስር ይመስላል። አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው የተክሉ አካል ይመስለዋል። በጥፍር ስታነሱት ከተላቀቀ ተባይ ነው። ትልቁ ከቅርፊቱ ሥር ስለሚጠለል ሳሙና አይደርሰውም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ፈግፍጉት። ልጆቹ ገና ቅርፊት ሳያበጁ ሲንቀሳቀሱ ነው በሳሙና የሚያዙት። ለዚህ ነው ዙሩ የበዛው።

ዘይትም ለእነዚህ ለሁለቱ ይረዳል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይትና ግማሽ ማንኪያ ሳሙና ጨምሩ፣ በደንብ አናውጡ፣ እየረጫችሁም አናውጡት። ዘይቱ ተባዩንም እንቁላሉንም አፍኖ ይይዛል። ቅጠሉንም ግን ያፍናል። ስለዚህ ማታ ረጭቶ በማግስቱ ጠዋት መጥረግ ነው። የኑግ ዘይት ሲደርቅ ያጣብቃል፣ እኔ ሞክሬው ጎማ ዛፌ የአቧራ ማጥመጃ ሆኖ ነበር። የኒም ዘይት ካገኛችሁ፣ ንጹሁን፣ ሽቶ ያልተቀላቀለበትን፣ በዚሁ መጠን መተካት ይቻላል። ዛፉ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ይበቅላል። ኒም ወዲያው አይገድልም፣ የተባዩን ዕድገት ነው የሚያዛባው። ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ይለቅ፣ አይቀመጥም።

ነጭ ዝንብ ተክሉን ስትነኩት ብን ብሎ ይነሳል። በማለዳ ብርድ ላይ ስለሚደነዝዝ ያኔ ርጩ። ቢጫ ቀለም ይስበዋል። የተሰነጠቀ ቢጫ የዘይት ጀሪካን አለ አይደል? መዳፍ የሚያህል ቁረጡለት፣ ቫዝሊን ቀቡት፣ በእንጨት ላይ ሰክታችሁ ማሰሮው ላይ ትከሉት። በየሳምንቱ ጠርጋችሁ እንደገና ቀቡ። ይህ ወጥመድ ትንኝና ክንፍ ያወጣ ክሽክሽም ይይዛል። ብቻውን አያጠፋም፣ ምን ያህል እንደቀረ ግን ይነግራችኋል።

የአፈር ትንኝና የቡናው አተላ

ይህን ለብቻው ያደረግሁት ጥፋቱ የእኛው ስለሆነ ነው። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ አተላው ወዴት ይሄዳል? ወደ አበባው። «ማዳበሪያ ነው» ይባላል። ያልበሰበሰ አተላ ማሰሮ አፍ ላይ ሲከመር እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታል። የአፈር ትንኝ ደግሞ ሻጋታና የበሰበሰ ነገር የሚበላ ነው። ግብዣ አዘጋጅተን እንግዳው ለምን መጣ እንላለን።

ትንኟ ትንሽ ጥቁር ናት፣ ውሃ ስታጠጡ ከአፈሩ ትነሳለች፣ ሻይ ውስጥ ትገባለች። ትልቋ ተክሉን አትጎዳም። ልጆቿ ግን ላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይኖራሉ፣ በብዛት ሲሆኑ ጥቃቅኑን ሥር ይበላሉ። ከእንቁላል እስከ ትንኝ ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ትዕግሥቱም ያን ያህል ነው።

አተላውን ከላይ ጠርጋችሁ አውጡ። ከዚያ ውሃ አቁሙ። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ከተሰማችሁ አታጠጡም። በክረምት ፖቶስና የእባብ ምላስ ያለ ውሃ ሁለት ሳምንት ቢቆዩ አይሞቱም፣ ስናጠጣቸው ነው የሚሞቱት። ስታጠጡም ከሥር አጠጡ። ማሰሮውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ አፈሩ ከታች ይጠጣል፣ ላዩ ይደርቃል። ሳህኑ ላይ የተረፈውን ድፉ። ላዩን ሁለት ጣት ያህል የታጠበ ወፍራም አሸዋ አልብሱት።

ልጆቹ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ጥሬ ድንች በስሱ ቁረጡና አፈሩ ላይ ዘርጉት። በማግስቱ ገልብጡት። ጥቁር ጭንቅላት ያላቸው ብርሃን የሚያሳልፉ ትሎች ከሥሩ ተሰብስበው ካገኛችሁ ድንቹን ከነእነሱ ጣሉ፣ ሌላ ተኩ። እኔ በዚህ ብቻ አንድ ማሰሮ በወር አጽድቻለሁ።

የማልነካቸው

ፍሊት ለተክል አይደለም፣ ቅጠል ያቃጥላል፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ እኛው እንተነፍሰዋለን። ማላታይን የእህል ነገር ነው፣ መኝታ ቤት አይገባም።

ትምባሆ ዘፍዝፎ መርጨት ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ይሠራል፣ ምክንያቱም ኒኮቲን መርዝ ነው። በቆዳም ይገባል። ከተፈጥሮ መጣ ማለት ገር ነው ማለት አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ደግሞ ከመግደል ይልቅ ማሸሽ ላይ ነው ጉልበታቸው፣ እሱም ጥቂት ቀን ነው። ሚጥሚጣውን በተዘጋ ሳሎን የረጨሁ ዕለት የሸሸነው እኛ ነን።

እንዶድ የሚለው ጥያቄ አይቀርም፣ ነጠላ የሚያጠራ ነገር ተባይ አያጠፋም ወይ? እንዶድ በእርግጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የብልሃርዝያን ተሸካሚ ለመግደል እንደሚያገለግል ያወቁት በእሱ ነው። ግን ዓሣም ይገድላል። የእኛ ከተማ ጎርፍ የሚወርደው ወደ ጣናና ወደ ዓባይ ነው። ቀረሶው ምን በደለ? ሳሙናው እያለ አያስፈልግም። የተረፈውንም የሳሙና ውሃ ቢሆን ወደ ሐይቁ ከሚሄድ ቦይ ይልቅ ሽንት ቤት ድፉት። በክረምት በረንዳ የሚወጣውን ቀንድ አውጣ ማታ በባትሪ ለቅሞ ማንሳት ይበቃል።

አዲስ ተክል ሲገባ

ተባይ ከአየር አይወርድም ማለት አልችልም፣ መስኮትም አለ። እኔ ቤት ግን አብዛኛው የገባው ከመንገድ ዳር ከገዛሁት ችግኝ ጋር ነው። ስትገዙ እዚያው ቅጠሉን ገልብጡ፣ ሻጩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ። ቤት ስትገቡ እጠቡት፣ ከሌሎቹ ለይታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አቆዩት። የሚያምር ነገር ሁሉ አብሮ የሚያመጣው አይታወቅም። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ጣና ላይ የታየው እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ሰው አበባውን ወዶ ስለተሸከመው ነው።

አፈር ስትለውጡም ከሜዳ የዛቃችሁትን እንዳለ አታስገቡ። ፈላ ያለ ውሃ አፍስሱበት፣ አቀዝቅዙት፣ አንጠፍጥፉት፣ ከዚያ ትከሉበት።

የማይድነው

አንዳንዱ ተክል አይድንም። ግንዱ በሙሉ ከተያዘና አዲስ ቅጠል ማውጣት ካቆመ አትታገሉ፣ ሌሎቹን ያስይዛል። ግን ከመጣላችሁ በፊት ጫፉን እዩት። ፖቶስ ወይም ክሮተን ከሆነ፣ ንጹህ የሆነውን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ፣ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አለቅልቁት። የታችኛውን ቅጠል አንሱና ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቁሙት። ውሃውን በየአራት አምስት ቀኑ ቀይሩ። ፖቶስ በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል፣ ክሮተን ይዘገያል። ሥሩ ሁለት ጣት ሲደርስ አዲስ አፈር ላይ ትከሉት፣ አሮጌውን አፈር ጣሉት፣ ማሰሮውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ፈግፍጉት።

ከዚያ ከሞተው ክሮተን አንድ ጫፍ ቆርጬ ነበር። ሦስት ቅጠል ብቻ ያለው ነገር፣ ኩሽና መስኮት ላይ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ወር ከሳምንት ቆመ። አሁን ማሰሮ ውስጥ ነው። ትናንት ገልብጬ አየሁት፣ ከቅጠሉ ሥር ምንም የለም። ለማንኛውም ማክሰኞ እደግመዋለሁ።